ሐይቅ የሆነው ሸራ

ምኞት ሲላስ እናቷ፣ የገረሴዋ ወይዘሮ ማርያም፣ ካስተማሯት ሁሉ አጥብቃ የያዘችው አንድ ነገር ነው፤ ሳይናገሩ የሰው ግቢ አይታይም። ወደ ሰው ቤት ስትሄድ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ትጣራለች። በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ ድምፅ ሳታሰማ አትገባም። ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጂኦግራፊ ተማረች፤ አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ተቀጠረች፤ የተሰጣትም ሥራ የሰውን ግቢ ከሰማይ ላይ ማየት ሆነ።

ሳተላይቷ በየአምስት ቀኑ ረፋድ ላይ በጫሞ ሐይቅ አናት ታልፋለች። ምኞት ፎቶውን ከኢንተርኔት አውርዳ፣ በዳርቻው የሚካሄደው ግንባታ ውሃውን ያደፈርሰው እንደሆነ ከቀለሙ ትለያለች። ዋናው ግንባታ አንድ አዲስ ሎጅ ነበር። ለመሠረቱ የተቆፈረው ቀይ አፈር ውሃው ዳር ተከምሯል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥርም እየታጠበ ወደ አንዲት የሐይቁ ጥግ ይወርዳል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባው በዚያች ጥግ ነው፤ የምኞት አባት አቶ ሲላስ መረባቸውን የሚጥሉትም እዚያው። አሁን ሎጁ ማስፋፊያ ጠይቋል። ፎቶው መደፍረሱን ካላሳየ ይፈቀድለታል፤ ጥጓም ጭቃ ሆና ትቀራለች።

«ታያለሽ አይደል?» ይሏታል አባቷ ራት ላይ።

«አያለሁ አባ።»

«መረቤ ጭቃ ብቻ ነው የሚይዘው። ጭቃ ደግሞ ማን ይጠብስልኛል?»

ምኞትን ግን አመሏ አላስቀምጥ አላት። የሰውን ግቢ ሳይናገሩ ከላይ ማየት እንዴት ይሆናል? ሳተላይቷ ከማለፏ በፊት ለሎጁ ሥራ አስኪያጅ ደወለች።

«ጋሽ በዛብህ፣ ነገ ረፋድ ላይ ታልፋለች። ድንገት እንዳይሆንባችሁ ብዬ ነው።»

«ማን ናት የምታልፈው የኔ ልጅ?»

«ሳተላይቷ።»

«እንኳን ነገርሽኝ። እንግዳ እንዲህ ተዝረክርከን አንቀበልም።»

አቶ በዛብህ ከጎንደር የመጡ እንግዳ አክባሪ ናቸው። በማግስቱ ዶዘሩ ቆመ፤ ግቢው ተጠረገ፤ ሠራተኞቹ ፊታቸውን ታጥበው ተሰለፉ። የአፈሩን ክምር ብቻ የሚያስገቡበት ጠፋቸው። አዲስ ሰማያዊ ሸራ አለበሱትና ዳር ዳሩን በድንጋይ አስያዙት።

ፎቶው ሲመጣ ምኞት የምትይዘውን አጣች። የቢሮው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሸራውን ውሃ ብሎታል። ውሃ ማለቱ ሳያንሰው፣ ከጫሞ ሁሉ ጥርት ያለው ውሃ እዚያ ነው ይላል።

«ጫሞ ሰፍቷል» አሉ የቢሮው ኃላፊ አቶ ኢሳያስ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው።

«ሸራ ነው፣ አቶ ኢሳያስ። ጋሽ በዛብህ ናቸው ያለበሱት። ደውዬ የነገርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።» አንገቷን ደፋች።

«ከሰማይ የታየውን እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሸራ ነው ልበል?»

ከዚያ አሰቡበት። ከሐይቅ ዳር ግንባታ የሚከለከልበት ርቀት አለ። ሐይቁ ክምሩ ድረስ ከመጣ ሎጁ ዳር ላይ መሆኑ ቀርቷል፤ ከክምሩ ጎን ያለው እንግዳ መቀበያም ውሃ ውስጥ ነው። ሎጁ ሐይቅ ውስጥ ስለተሠራ ሥራ እንዲያቆም ታዘዘ።

አቶ በዛብህ ቢሮ መጥተው እግራቸውን አነሱ። «ጫማዬን እዩልኝ። ደረቅ ነው።»

«ለጊዜው ነው» አሉ አቶ ኢሳያስ። «ሳተላይቷ ራሷ መሬት ነው ስትል እኛም እንላለን።»

ሰውየው ወደ ምኞት ዞሩ። «ሸራውን ካነሳሁ አፈሩ ይታያል።»

«ይታያል።»

«ካላነሳሁ ሐይቅ ነኝ።»

«አዎ፣ ጋሽ በዛብህ።»

በዚህ የተደሰቱት አቶ ሲላስ ብቻ ነበሩ። «ተይው፣ ሐይቅ ይሁን። ዶዘሩ ቆሞ የለ?»

«ውሸት ነው እኮ አባ።»

«እኔ አልዋሸሁ፣ አንቺ አልዋሸሽ። ማሽን ነው የዋሸው።»

ምኞትን ይህ አላሳመናትም። ሸራው አንድ ቀን ሸራ መሆኑ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ እውነተኛውን ፎቶዋን ማን ያምንላታል? አፈሩም እንደሆነ ከሸራው ሥር እየሾለከ ነው።

ክረምቱ ገባና ሳተላይቷ ባለፈች ቁጥር ደመና ብቻ እያየች ሄደች። ሎጁም ሐይቅ ሆኖ ከረመ። በመጨረሻ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሰማዩ እንደሚገለጥ የተነገረበት ቀን መጣ። ምኞት ዋዜማውን ስልኳን አንስታ አስቀመጠች፤ ደግማ አነሳች። አለመደወል አልሆነላትም።

«ጋሽ በዛብህ፣ ነገ ታልፋለች። እባክዎ ሸራውን ያንሱት። አይጥረጉ፣ አይሰለፉ። እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ይቀበሏት።»

«ሐይቅ መሆን ሰልችቶኛል» አሉ ሰውየው።

ፎቶው ላይ ሎጁ መሬት ሆነ። ከክምሩ የወጣ ቀይ ምላስም ጥጓን ሞልቶ ወደ መሀል ሐይቁ ተዘርግቷል። አቶ ኢሳያስ ሁለቱንም አመኑ፤ ከሰማይ የመጣ ነዋ። አፈሩ ከውሃው ዳር ካልተነሳ ማስፋፊያ የለም አሉ።

አቶ በዛብህ ከቢሮው በር ላይ ምኞትን ጠብቀው «የት ልውሰደው ታዲያ?» አሏት። አብራቸው ሄዳ፣ ጎርፍ የማይደርስበትን ሜዳ አሳየቻቸው።

መኪኖቹ አፈሩን ማመላለስ በጀመሩበት ሳምንት አቶ ሲላስ መረባቸውን ጥለው እንደ ልማዳቸው ጭቃ አወጡ። ጭቃውን በጣታቸው ፈተጉት፤ ጥፍር የምታክል ቆሮሶ ተወራጨች። ለልጃቸው አሳዩዋትና ወደ ውሃው መለሷት።