የጠጋኙ ሚስት ላፕቶፕ

ወሰኔ ከመሬት ተነሥቶ የሚናደድ ሰው አይደለም። ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያት ደግሞ አጥቶ አያውቅም። በዚያ በሁለት ሺህ አምስት የኅዳር ሳምንት ግን ፍለጋ መውጣትም አላስፈለገውም። የንዴቱ ምክንያት ሆዷ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ ነበር፤ የሚስቱ የጥሩሸዋ ላፕቶፕ። አሮጌው ሃርድ ዲስኳ ስለሞተ አዲስ ገዝቶ አስገብቶላታል፤ ብሎኖቿንም አጥብቆላታል። ስትከፈት መብራቷ ይበራል፣ ማራገቢያዋ ይዞራል። ዲስኩን ግን አላየሁም ትላለች። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቅ ትላለች፤ ትርጉሟም «ዲስክ የለም» ነው።

«የለም? በገዛ እጄ ያስገባሁትን የለም ትይኛለሽ?» ይላታል ወሰኔ። ያጠፋታል። ያበራታል። የለም።

የሌላ ደንበኛ ዕቃ ቢሆን «ሳምንት ተመለስ» ብሎ ይሸኝ ነበር። ይቺ ግን ሳምንት አትሰጥም። ጥሩሸዋ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ከሥራ እየመጣች፣ ልጆቿን እያስተኛች፣ ስንት ዓመት በርቀት ስትማር ኖራ አሁን ለዲግሪዋ የቀራት የመመረቂያ ጽሑፏ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ፍላሽ ላይ አለ፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ግን በእጅ የተጻፈ ስለሆነ መተየብ አለበት። ዓርብ ደብረ ብርሃን ላይ ታትሞ ካልገባ ምረቃዋ ወደሚመጣው ዓመት ይዛወራል። የሱቁ ትልቁ ኮምፒውተር አለ እንዳይባል መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። ላፕቶፗ ግን ወፍጮ ቤቱ ጀነሬተሩን ሲያስነሣ ባትሪዋን ሞልታ ታመሻለች፤ ዲስክ ቢኖራት ማለት ነው።

መፍትሔ አልጠፋም ነበር። የሁለተኛ ደረጃው የኮምፒውተር አስተማሪ፣ መምህር ይታየው፣ «ውሰጅና ጻፊበት» ብሎ የራሱን ላፕቶፕ ከነቦርሳው ሰጥቷታል። ወሰኔ በማግስቱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መለሰለት።

«የወሰኔ ሚስት ላፕቶፕ ለምና ጻፈች ሊባል ነው?» አላት ማታ።

«እኔ የምመረቀው ለአንተ ስም ነው እንዴ?» አለች ጥሩሸዋ። ከዚያ ልጆቿን ልታስተኛ ገባች። እሷ ትታው ስትገባ ደግሞ ወሰኔ የባሰ ይናደዳል፤ የሚመልስለት ሰው ያጣል።

ስሙ የሚያንገበግበው በከንቱ አይደለም። ወሰኔ ገብስ ከሚያመርት፣ በግ ከሚያረባ ቤት የወጣ ሰው ነው፤ አገሩ ከከተማው በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ደርግ ሲወድቅ ከጦር ሜዳ የተመለሰ አንድ የመገናኛ ወታደር ጎረቤታቸው ሆነና ሬዲዮ ከፍቶ መዝጋት አስተማረው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የተዘጋ ሬዲዮና ካሴት የሚበላ ቴፕ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣ ጀመር። ሞባይል መጣ፤ ሞባይል ጠገነ። ኮምፒውተር ሲመጣም አጭር ሥልጠና ወስዶ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ባገኛት የቆርቆሮ ሱቅ በር ላይ «የኤሌክትሮኒክስና የኮምፒውተር ጥገና» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈ። ችግሩ ሰዉ ነው። ሰዉ ሬዲዮውን አምኖ ይሰጠዋል፤ ላፕቶፑን ግን በፌስታል ሸፍኖ፣ በሱቁ በር ላይ አልፎ፣ ደብረ ብርሃን መኪና ይሳፈራል። «ወሰኔ ለሬዲዮ ነው» ይላሉ።

እና አሁን የገዛ ሚስቱ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የተባለው አንሶ፣ የእሱ ሚስት ገሉንም አጣች።

ዲስኩን የገዛው ሰኞ ዕለት ደብረ ብርሃን ዳኜ ከሚባል ነጋዴ ነው። ዳኜ ዲስኩን ብር በምትመስል የምታብረቀርቅ ላስቲክ ከትቶ፣ «እቤትህ እስክትደርስ ከእሷ እንዳታወጣው» ብሎ ነበር የሰጠው። ወሰኔ በልቡ ሳቀ። ይቺ ስስ ላስቲክ ስለ መንዝ መንገድ ምን ታውቃለች? የሰው ኩላሊት ቦታ የሚያስለውጥ መንገድ ነው። በመንዝ የሚሰበር ነገር የሚጓዘው በበግ ጠጉር ነው፤ የፋኖስ ብርጭቆ ቢሆን፣ መነጽር ቢሆን፣ ከጤና ጣቢያ የሚመጣ የመድኃኒት ጠርሙስ ቢሆን። እናቱ ለጠጉር ብርድ ልብስ፣ ለባና ብላ ከጥቁር በጓ ከሸለተችው፣ ገና ካልታጠበው ጠጉር አንድ እፍኝ ይዞ የወረደው ለዚሁ ነበር። መኪናው ውስጥ ላስቲኳን አውልቆ በመስኮት ጣላት፤ ዲስኩን በጠጉሩ ጥቅልል አድርጎ በደረት ኪሱ ከተተና እንደ ሕፃን ደግፎት መጣ።

ማክሰኞ ማታ፣ ላፕቶፗ ለመጀመሪያ ጊዜ «የለም» ስትል፣ ጥሩሸዋ ከኋላው ቆማ ነበር።

«ጠጉሩን በደንብ አራግፈህ ነው ያስገባኸው?» አለችው። «የእማማ በግ ጠጉር እኮ ቅባት አለው፤ ይጣበቃል።»

«አራግፌያለሁ! ይልቅ አንቺ ስለ መርፌሽ አስቢ!» ብሎ አምባረቀባት።

እውነትም አራግፏል። እፍ ብሎበታልም። የዲስኩን የወርቅ ቀለም ያላቸውን ጥርሶች በላጲስ ፈትጎ ከኅዳር ሰማይ በላይ አጥርቷቸዋል። ምን ያደርጋል፣ ያየው ዲስኩን ብቻ ነው!

ረቡዕን ሙሉ ሱቁ በር ላይ የሰው እጥረት አልነበረም። አንድ ለአምስት ስብሰባ ሲጠራ የሚጠፋ ሁሉ፣ ወሰኔ ሲቸገር ለማየት ሳይጠራ መጣ። ከሁሉ የባሱት ጎረቤቱ፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ አበጀ ነበሩ። የሲንጀር መኪናቸውን ትተው፣ የጨርቅ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ በሩን ተደግፈው ቆሙ።

«እስቲ ጎኗን መታ አድርጋት፣ ልጄ። ያኔ የእኔን ሬዲዮ እንደዚያ አይደል ያዳንከው?»

«ጋሽ አበጀ፣ ይቺ ሬዲዮ አይደለችም።»

«አውቃለሁ አይደለችም። ሬዲዮ ብትሆን እስካሁን ትሠራልህ ነበር።»

ወሰኔ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው፤ ተንከባሎ ወደቀና ብርድ በገባው ጉልበቱ ተንበርክኮ ራሱ ፈለገው። ዲስኩን አውጥቶ መለሰ። የላፕቶፗን ባትሪ ነቅሎ ተከለ። ከውስጥ ያለችውን የሰዓት ድንክዬ ባትሪ ሳይቀር አውጥቶ መለሰ። የለም። በመጨረሻ የሞተውን አሮጌ ዲስክ መልሶ አስገባው። ያ ዲስክ ምንም ቢሞት፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ስሙ ስክሪኑ ላይ ይወጣ ነበር፤ አልሠራም ይላል እንጂ የለሁም አይልም። አሁን እሱም የለም።

አዲሱ ዲስክ የላፕቶፗን ማዘርቦርድ አቃጥሏል ማለት ነው! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እዚያው ሰው ፊት ስልኩን አወጣና ዳኜ ላይ ደወለ። ሰላምታም አልቀደመም። «የተቃጠለ ዕቃ ሸጠህልኝ የሚስቴን ማሽን ገደልክ» አለው። ዳኜ «እባክህ ተረጋጋ፣ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሞክረው» ሲለው፣ «አንተ ሌባ!» ብሎ ዘጋበት። በሩ ላይ የቆሙት በዚህ ረኩ። ጋሽ አበጀ ብቻ ሜትራቸውን እየጠቀለሉ፣ «ሞክረው ማለቱ እንኳ ክፋት የለውም ነበር» አሉና ወደ ሥራቸው ገቡ።

ማታ ወሰኔ ስለ ዳኜ ሌብነት ለጥሩሸዋ በሰፊው ተረከላት። ሰምታ ጨረሰች። ከዚያ በእጅ የተጻፉትን ወረቀቶች በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ነገ በቀትሩ መኪና ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ። ነገ ማታ እህቴ ቤት፣ በጎረቤቷ ኮምፒውተር እተይበዋለሁ፤ አልደርስም ይሆናል፣ ግን እሞክራለሁ። ቀድሞውንም የይታየውን ላፕቶፕ ባትመልሰው ዛሬ ጨርሼ ነበር።»

«ነገ ጠዋት እኮ...»

«ወሰኔ፣ ሰኞም ነገ ጠዋት ብለህ ነበር።»

እልኽ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። ወሰኔ ሐሙስ ጠዋት ምላጩን ዋጠ። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ዲስኩን ይዞ መምህር ይታየው ቤት ሄደና በር አንኳኳ። ለዚያች ማንኳኳት ያወጣው ጉልበት በግ ተሸክሞ ጓሳ ተራራ ያስወጣ ነበር። ይታየው ፎጣ እንደለበሰ ወጣ፤ አልሳቀበትም፣ አልጠየቀውምም። ይህም ራሱ ወሰኔን አናደደው። ዲስኩን የራሱ ላፕቶፕ ላይ ገጥመው ከፈቱት። ስሙ ወጣ፤ ልኩ ወጣ፤ ጤነኛ ነው።

«ዲስኩ ምንም አልሆነ» አለ ይታየው።

ወሰኔ ዲስኩን ነጥቆት ነው የወጣው ቢባል ይቀላል። ወደ ሱቁ እየተራመደ አሰበ። ዲስኩ ከዳነ፣ አሮጌውም ካልታየ፣ በሽታው ያለው ዲስክ የሚገባባት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የዲስኩን ጥርስ ሲፈትግ፣ ያቺን የላፕቶፗን ጠባብ አፍ አንድ ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብሎ አላያትም። በእጅ ባትሪ አበራባት። ጥቁር ናት፤ ጥቁር ላስቲክ፣ ጥቁር ጉድጓድ፣ ሌላ ምንም አይታይም። ከጋሽ አበጀ መርፌ ተበድሮ ጫፏን ቀስ አድርጎ አስገባና ሳበ።

ጠጉር መጣ። እንደገና ሳበ፤ ቅባቱ ያጣበቀው፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የእናቱ የጥቁሯ በግ ጠጉር። ዲስኩን ሲገፋ አብሮት ገብቶ፣ ሲያወጣው እዚያው ቀርቶ፣ የገባው ዲስክ ሁሉ እንዳይነካካ አፍኖ ይዞት ኖሯል።

«አራግፈህ ነው ያስገባኸው?» የሚለው ድምፅ ጆሮው ላይ መጣ። ወሰኔ ጠጉሯን መዳፉ ላይ አድርጎ አያት። አፈረ፤ ሌላ ቃል የለውም፣ አፈረ።

አፉን በአልኮል ጠራርጎ ዲስኩን መለሰ። ላፕቶፗ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ዲስኩን አየችው። ከዚያ ዊንዶውስ መጫን አለበት፤ ወፍጮ ቤት ሮጦ ጀነሬተሩ ላይ ሰካት። የዱቄት ብናኝ እየወረደበት፣ ጎኑ ያለችው ሴት «ቶሎ በል፣ ተራዬን ያዝክ» እያለች እየጮኸችበት፣ መጫኑን የምታሳየው መስመር እንደ ደከመች አህያ እየተጎተተች ሄደች። ወሰኔ መስመሯ እስክታልቅ ድረስ ጥሩሸዋን ምን እንደሚላት ሲያጠና ቆየ። «ማዘርቦርዷ ላልቶ ነበር» ሊላት ይችላል። «ዲስኩ ራሱ በኋላ ነቃ» ቢላትስ? ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም።

መስመሯ ስታልቅ የመኪናው ጡሩምባ ከመናኸሪያ ተሰማ። ላፕቶፗን ጠቅልሎ ሮጠ።

መኪናው ሞልቶ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ነበር። ጥሩሸዋ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ ወሰኔ ከሥሯ ቆሞ እያለከለከ ዕቃውን ወደ ላይ አነሣላት።

«ሠራች።»

«ምን ሆና ነበር?»

ተሳፋሪው አንገቱን ወደ መስኮቱ አሰገገ። ግማሹ ተሳፋሪ ረቡዕ ዕለት ሱቁ በር ላይ የነበረ ነው። ያጠናው ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር።

«ጠጉር» አለ።

«ምን?»

«ጠጉር ነው አልኩሽ! አንቺ ያልሽው ጠጉር!» ብሎ እንደተሰደበ ሰው ጮኸ። መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ጥሩሸዋ አልሳቀችም፤ የተቀበለችውን ጥቅል እያየች ነበር።

«ወሰኔ።»

«አቤት።»

«አሁንስ በምን ጠቅልለህ አመጣሃት?»

ቀና ብሎ አየ። በባና ነው። በእናቱ ጥቁር ባና፣ ጠጉሩ ገና ባልረገፈ ባና፣ እንደ ልማዱ ድርብርብ አድርጎ ጠቅልሏታል። ጥሩሸዋ ፈታ አራገፈችና ባናውን በመስኮት መለሰችለት፤ ላፕቶፗን ነጭ የነርስ ጋዋኗ ውስጥ ጠቀለለቻት። መኪናው ሲንቀሳቀስ፣ «ለዳኜ ደውልለት!» ብላ ጮኸች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ።

«አስገባሁት» አለች። ድምፅዋ የደከመ ነው፤ ግን ደስ ብሏታል። ወሰኔ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ «ተመስገን» አለ፤ ዓይኑም ረጠበ።

«ዳኜ ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር» አለች ቀጥላ። «ለመልሱ መንገድ ያቺን የብር ላስቲክ ሰጠኝ። አልደወልክለትም አይደል?»

«ኔትዎርክ አልነበረም» አላት ወሰኔ።

«አሁን በምንድን ነው የምታወራኝ?»

ወሰኔ ዘጋና ለዳኜ ደወለ።