በአንድ ጎኑ ያለቀው ማንኪያ

ባለፈው ሳምንት ዓይደር ሰፈር በምሠራበት መድኃኒት ቤት ደጃፍ ጎረቤታችን አትክልቱን ሲያጠጣ የእርጥብ አፈር ሽታ ወደ ውስጥ ገባ። በዚያው ቅጽበት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን አዙራ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ግብፅ ውስጥ ከአሸዋ ሥር የወጣ የጥንት ወታደሮች ሰፈር ነው፤ የጭቃ ጡብ ክፍሎች፣ የእህል ጋኖች፣ የከብት አጥንት፣ ምድጃ፣ አንድ ጎራዴ። እሷ ያስገረማት ጎራዴው ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ማንኪያ ይፈልግ ጀመር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ቤታችን ቀዳማይ ወያነ የሚባለው ሰፈር ነበር። የታሪክ መምህራችን ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሔት ነበራቸው፤ ጠመኔ ጠመኔ በሚሸተው ኮታቸው ኪስ ጠቅልለው ይዘውት ይመጣሉ። ከዚያ ላይ ስለ ፈርዖን ወታደሮች ያነቡልን ነበር፤ ከምሽጋቸው ፍርስራሽ ስለተገኘው ጎራዴና ምድጃ፣ ስለ ዶቃው፣ ዓይናቸውን ስለሚኳሉበት የዝሆን ጥርስ መኳያ። ወታደር ደግሞ ይኳላል እንዴ ብለን ተሳሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ወታደሩን ማወቅ ብትፈልጉ ከጎራዴውና ከምድጃው የትኛውን ትወስዳላችሁ ብለው ጠየቁን። ሁላችንም ጎራዴውን አልን።

"ጎራዴው ላይ የተቀረጸው የንጉሡ ስም ነው፣ ደቀይ" አሉ፤ በትግርኛ ልጆቼ ማለታቸው ነው። "ወታደሩ እራቱን የበላው ግን ከምድጃው ነው።"

ከዚያ ሥራ ሰጡን። እያንዳንዱ ቡድን ከቤቱ ያገለገለ ዕቃ አምጥቶ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር ይቀብራል፤ ሌላው ቡድን በጥንቃቄ ቆፍሮ ያወጣና የባለቤቱን ጠባይ ከዕቃው ብቻ ይናገራል። ሌሎቹ የተሰነጠቀ ስኒና የአሮጌ ጫማ ሶል አመጡ። እኔ ያመጣሁት የአባቴን ማንኪያ ነው።

አባቴ ወታደር ነበር፤ እኔ ዳዴ ስል ሄዶ አልተመለሰም። ወሎዬ ስለነበር ቤታችን አማርኛ ይነገር ነበር፤ ከአማርኛው ሌላ ግን ከእሱ የተረፈኝ ነገር አልነበረም። እናቴን ስለ እሱ በጠየቅኋት ቁጥር የምታጥበው ድስት አታጣም። ሳጥኗ ውስጥ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ የአሉሚኒየም ማንኪያ እንዳለና የእሱ እንደሆነ ብቻ አውቅ ነበር። እሷ ካልነገረችኝ ቆፋሪዎቹ ይንገሩኝ ብዬ ሰረቅሁት፤ ሌላ ስም የለውም።

ቀበርነው፣ በላዩም ሁለት ድንጋይ ለምልክት አኖርን። በማግስቱ መቆፈሪያችንን ይዘን ስንመጣ ድንጋዮቹ የሉም። የከሰዓት ፈረቃ ልጆች ለኳስ ጎል አንሥተዋቸው ኖሯል። ሌሊት ደግሞ ዝናብ ጥሎ መሬቱን ሁሉ አንድ መልክ አድርጎታል። ያን ቀን ተቆፍሮ አልተገኘም፤ በማግስቱም አልተገኘም። ቤት ስገባ እናቴ ሳጥኗን እንዳትከፍት ከአጠገቡ አልለይም ነበር። ከአባቴ የቀረውን አንድ ነገር በገዛ እጄ ቀብሬ አጠፋሁት እያልኩ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን ከዓይናለም መንደር እየተመላለሰች የምትማር አንዲት ልጅ አገኘችው። አጥባ ወደ ብርሃን ያዘችው፣ አገላበጠችው፣ ቀጥሎም ከትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት አሮጌ ማንኪያ አስመጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አብዛኛው ሰው በቀኙ የሚይዘው የሻይ ቤቱ ማንኪያ ጫፉ ወደ ግራ ጎኑ አልቋል። የእኔው ወደ ቀኝ።

"ባለቤቱ ግራኝ ነው፣ መምህር" አለች።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግራ እጄን ብብቴ ሥር ሸጎጥኩ። እኔም ግራኝ ነኝና። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ግራ እጄን ወደ ምግብ በዘረጋሁ ቁጥር እናቴ ቸብ ታደርገው ነበር፤ በቀኜም እያንጠባጠብኩ ነበር የምበላው። ከማን እንደወረስኩት እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልነገረኝም።

ማንኪያውን ይዤ ቤት ገባሁና ሁሉንም ተናዘዝኩ። እናቴ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ተቀብላኝ በውሃ አለቀለቀችው፤ ንጹሕ ነበር፣ ቢሆንም ደግማ አለቀለቀችው።

"አባትሽ ግራኝ ነበር፣ ጓለይ፣ ልጄ" አለችኝ በመጨረሻ። "በአንድ ትሪ ሲበሉ ጓደኞቹ እጁን ይጸየፉበት ነበር። ማንኪያ የገዛው ለዚያ ነው። አንቺም እንደ እሱ እንዳትሸማቀቂ ብዬ ነው የምመታሽ።"

ምሳ አቀረበች። ማንኪያውን በግራዬ በኩል አስቀመጠችልኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ በግራ እጄ በላሁ። እሷ አልበላችም፤ እጄን ብቻ ታይ ነበር። እሱም ክርኑን እንዲህ ያነሣ ነበር አለችኝና ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እሱ ስጠይቃት ድስት አላነሣችም።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ማንኪያው እኔ ዘንድ ነው። ባልደረባዬ ፎቶውን ያሳየችኝ ዕለት ማታ አውጥቼ አየሁት። ቀኝ ጎኑ የዓይናለሟ ልጅ ካየችው ጊዜ ይልቅ ብዙ አልቋል። ያንን የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ ስንት ዓመት በልቼበታለሁ። ወደፊት አንድ ሰው ከአፈር ቢያወጣው ባለቤቱ አንድ ግራኝ ነበር ብሎ ይጽፋል። ሁለት እንደነበርን አያውቅም።