ኳርትዝ ነው የተባለው ድንጋይ

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ድንጋይ አጣቢዋ» ይሉኛል። ሳምንቱን ሙሉ ዳውንታውን ኦክላንድ ፓርኪንግ ስሠራ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ከድንጋይ ለቃሚዎች ጋር ተራራ ላይ ነኝ። ያመጣሁትን፣ ኳርትዝ የሚባለውን ብርጭቆ መሳይ ድንጋይ፣ በረንዳ ላይ ዘርግቼ በጥርስ ብሩሽ ስፈትግ ያየ ሁሉ ያዝንልኛል። ይዘኑልኝ። ዝገት ለብሶ የመጣ ድንጋይ አሲድ ውስጥ ሰንብቶ ጥርት ብሎ ሲወጣ የሚሰማኝን ደስታ ለሰው ማስረዳት ከተውኩ ቆይቷል።

ለጀማሪ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ጠርሙስ ጫሩበት። ኳርትዝ ከሆነ ጠርሙሱን ይጭረዋል። ካልሳይት የሚባለው መሳዩ ግን ለስላሳ ስለሆነ ራሱ ይፋቃል፤ አሲድም ይበላዋል። ይህን ለስንቱ ስንት ጊዜ እንደነገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለፈው ዓመት ሳን ሆዜ የሚኖሩ አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝና በነጭ መሐረብ የተጠቀለለ ድንጋይ እጄ ላይ አኖሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ድንጋዩን ባልየው በመጨረሻ ሽርሽራቸው ከመንገድ ዳር አንስተው፣ «ኳርትዝ ነው» ብለው የሰጧቸው ነው።

«ክሊን አድርጊልኝ ልጄ» አሉ። «ለሙት ዓመቱ ከፎቶው አጠገብ ላስቀምጠው ነው። ከዚያ በኋላ በእጁ የሰጠኝ ነገር የለም። አደራሽን!»

አደራ ባይሉኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ቤቴ ገብቼ ጠርሙሱን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። የሟች እጅ ያነሳውን፣ ያውም አደራ የተባልኩበትን ድንጋይ ምን ብዬ ነው ጠርሙስ ላይ የምፍቀው? ነውር መሰለኝ። ጫፉ ሾል ያለ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ባልየውም ኳርትዝ ነው ብለዋል። በቃ፣ አሲዱ ውስጥ ከተትኩት።

ወዲያው እንደ አምቦ ውኃ ይንሿሿ ጀመር። ኳርትዝ እንዲህ አያደርግም። ጓንት እንኳ ሳላጠልቅ እጄን ሰድጄ አወጣሁትና በብዙ ውኃ አጠብኩት። አንደኛው ፊቱ ግን አንጸባራቂነቱን አጥቶ የተላሰ ከረሜላ መስሏል። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ራሴን ስሰድብ ቆየሁ። መደርደሪያዬ ላይ ካሉት ኳርትዞች አንዱን በምትኩ ልስጣቸው ብዬም አስቤ ነበር። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

በማግስቱ ሳን ሆዜ ሄድኩ። ሳልቀመጥ፣ «እማማ፣ አበላሸሁብዎት» አልኩና መሐረቡን ፈታሁት።

ጣታቸውን በተበላው ፊት ላይ ቀስ ብለው አሳለፉ። «ምን ነካው?»

«ኳርትዝ አልነበረም። ሌላ ድንጋይ ነው፣ ካልሳይት የሚባል። ሳልፈትሸው አሲድ ውስጥ ከተትኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ኳርትዝ አይደለም?» ቀና ብለው አዩኝ። «ሹር ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

ይቆጡኛል ስል ሳቁ፤ ያውም መነጽራቸውን እስኪያወልቁ። «አርባ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ተሳሳትኩ ብሎ አያውቅም እኮ! ስለ መንገዱ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ወጡ ጨው ሳይቀር ይከራከረኝ ነበር።»

ተነሥተው ድንጋዩን ከፎቶው አጠገብ አስቀመጡት፤ የተበላውን ፊቱን ወደ ባላቸው አዞሩት።

«ሰማህ?» አሉት። «ኳርትዝ አይደለም ትልሃለች።»

እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። እኔም ሳይታወቀኝ አብሬያቸው ጠበቅሁ።

ወደ እኔ ሲዞሩ ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቷል።

«ዝም አለኝ እኮ» አሉ።