«የለም» ያለው ባልደረባዬ

የያዙኝ ብቻዬን ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ ጠመኔ በእጄ እንደያዝኩ ነው። ያሰሩኝ አሰላ ዳር፣ ቀድሞ የገብስ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነበር። ግድግዳው እርጥብ ነው፤ የገለባው አቧራ ጉሮሮ ይከረክራል።

ጥፋቴ ሰሌዳው ላይ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ነበሩ። ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ እንደኔው የሒሳብ መምህር ከሆነ ባልደረባዬ ጋር ባዶ ክፍል ውስጥ ማትሪክስ እንሠራ ነበር። ማትሪክስ በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ቁጥሮች ናቸው። አንዳንዱ ማባዛቱን የሚሽር ተገላቢጦሽ የለውም። ሆኖም ምትክ ይገኝለታል፤ ማትሪክሱን በምትኩ፣ ውጤቱን ደግሞ መልሰን በማትሪክሱ ስናባዛ ራሱ ማትሪክሱ ይመጣል። ይህን ከዩኒቨርሲቲ ይዞ መጥቶ ያስተማረኝ እሱ ነው። ደስ ሲለው ሰሌዳውን በመዳፉ ይመታ ነበር።

መርማሪው «የምስጢር መልእክት ነው» አለ።

«ሒሳብ ነው። ባልደረባዬን ጠይቁት» አልኩ። ተማምኜበት ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አመጡት። ኮት ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሯል። ወደ እኔ አላየም።

«ተገላቢጦሽ የሌለው ማትሪክስ ምትክ ይገኝለታል ይላል ይሄ። እውነት ነው?» አለው መርማሪው።

«እንዲህ ያለ ሒሳብ የለም፣ ጓድ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የለም።»

ሻይ ቀረበለት። ጠጥቶ ሄደ።

መርማሪው ወደ እኔ ዞረ። «ለማን እንደጻፍከው ተናገርና ውጣ።»

«ሒሳብ ነው» አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም። ወደ እስር ክፍሌ የተመለስኩት ሰው ደግፎኝ ነው።

አጠገቤ የሚተኙት ከጢቾ የመጡ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ኦሮምኛ በተጫነው አማርኛቸው «ወዳጅህ ምን አለልህ?» አሉኝ።

«የለም አለ፣ አባቴ።»

«አንተስ?»

«አለ እላለሁ።»

«እንግዲያ ጻፈው። እነዚህ ልጆችም ይዩት።»

ከሰል አቀበሉኝ። ቀኝ እጄ አልታዘዝ ስላለኝ በግራዬ ግድግዳው ላይ ጻፍኩ። አራት ቁጥር ብቻ ያላት ማትሪክስ መረጥኩ፤ ምትኳን ፈለግሁላት፤ አባዛሁ። ራሷ መጣች። አብረውን የታሰሩ ሁለት ተማሪዎች ተጠግተው በጣታቸው እየተከተሉ ደገሙት። አዛውንቱ ማንበብ አያውቁም፤ እስክጨርስ ድረስ ግን ትከሻዬን ደግፈው ቆሙ።

ከተፈታሁ ወዲህ ከባልደረባዬ ጋር አሰላ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ተላልፈናል። እሱ ባርኔጣውን ያነሳል፤ እኔም ሰላምታውን እመልሳለሁ። በመፍራቱ አልፈርድበትም፤ ጊዜው ያስፈራ ነበር። ሒሳቡን ከሚክድ «ይህን ሰውዬ አላውቀውም» ብሎ ቢሆን ኖሮ ግን ይቀለኝ ነበር።