በሮኬቱ ቀዳዳ የገባው ጸበል

እኔ ጸበል የምጠላ ሰው አይደለሁም። ጠዋት በባዶ ሆዴ እጠጣለሁ፤ ከቤቴም ጠርሙሱ ጠፍቶ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ ያለውን ያነበበ ሰው ሃይማኖቷን ትታለች እንዳይለኝ ነው።

ባለቤቴ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። አንድ ቀን ከሆሊውድ ያሳፈረው ሰው ከቁመቱ የሚበልጥ ሮኬት ጭኖ በረሃ አድርሰኝ አለው። አድርሶት እንደመመለስ እዚያው ቆሞ ሲያይ ዋለ። ማታ ገብቶ «ሰውየው እኮ በገዛ እጁ ነው የሠራው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ዓይኑ ደክሞ ታክሲውን ሲተው፣ ፌርፋክስ አጠገብ ከተከራየነው ቤት ጀርባ ባለው ጋራዥ የራሱን ሮኬት ጀመረ። ሐኪሙ የዓይኑ ነርቭ እየሞተ ነው፣ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም ብሎታል። «ዓይኔ ሳይጠፋ ሲወጣ ልየው። ፓራሹቱን ዘርግቶ ሲወርድም ልየው። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ» አለኝ። ከእኔም ከፈጣሪም የጠየቀው ይህን ብቻ ነበር።

ከዓመት በላይ ፈጀበት። ወፍራም የካርቶን ቱቦ በፋይበርግላስ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሙጫ እያጠጣ አደነደነው። ክንፎቹን ከስስ ጣውላ ቆረጠ። ፓራሹቱን ከብርቱካንማ ናይለን የሰፋሁት እኔ ነኝ። መሐሉ ላይ ትንሽ ኮምፒውተር ነበረችው፤ ከፍታውን በአየር ግፊት ትለካና፣ ጫፍ ሲደርስ ጥቂት ባሩድ አፈንድታ ፓራሹቱን ታስወጣለች። አየር እንዲገባላት በሮኬቱ ጎን ትንንሽ ቀዳዳዎች በስቶ ነበር።

ሰፈሩ ሳቀበት። ፌርፋክስ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት በራፍ ላይ የሚቆሙት ታክሲ ነጂዎች «ጋሼ፣ ጨረቃ ላይም ዲቪ ወጣ እንዴ?» ይሉታል።

«ወጥቷል። ያንተ ግን ፎቶህ አላለፈም» ይላል፣ ሳይቆም።

ታላቅ እህቱ፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ አልሳቁም። እሳቸው ሎንግ ቢች ነው የሚኖሩት። ወረቀታችንን ጨርሰው ወደዚህ አገር ያመጡን እሳቸው ስለሆኑ በቤታችን ቃላቸው አይመለስም። «የሰማዩን ነገር ለሰማይ ተዉት» ሲሉ ከረሙ። የሚተኮስበት ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ «ወንድሜን ብቻውን አልሰድም» ብለው ተነሡ። እኔ ሰው አይደለሁም ወይ አላልኩም።

ቦታው የደረቀ ሐይቅ ነው፤ ነጭ፣ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ። ባለቤቴ ባሩዱን ሞልቶ፣ ሮኬቱን ገጥሞ፣ ሮኬቶቹን ሳይተኮሱ ከሚያየው ፈታሽ ጋር ሊፈርም ሄደ። እኔ የዓይኑን ጠብታ ላመጣ ወደ መኪናው ሄድኩ። ስመለስ እትዬ ጠርሙስ ወደ ቦርሳቸው ሲከቱ አየሁ። በረሃ ነው፣ ውሃ ጠምቷቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

ተቆጠረና ተተኮሰ። ድምፁ ደረቴን መታኝ። ባለቤቴ አንገቱን ቀልብሶ «ይታየኛል! ጭሱ ይታየኛል!» እያለ እንደ ልጅ ጮኸ። ሮኬቱ ጫፍ ደረሰ። ብርቱካንማውን ፓራሹት ጠበቅን። የለም። አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ እያፏጨ መጣና ምድር ውስጥ ተተከለ። ከቁመታችን የሚበልጠው ነገር ቆፍረን ስናወጣው ጉልበት የሚደርስ እንኳ አልቀረም።

ፈታሹ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ የኮምፒውተሯን ክፍል ከፈተ። ውስጡ ግራጫ ጭቃ ለብሷል። «ይህ ምንድን ነው?» አለ።

ባለቤቴ በጣቱ ነካ፣ ወደ አፍንጫው አቀረበ፣ አሸት አደረገው። እኔ ከቆምኩበት አወቅሁት። እምነት ነው፤ ከጸበል ጋር የሚበጠበጠው የቤተ ክርስቲያን አመድ። የሐይቁ አፈር ነጭ ነው፤ ከዚያ ሊመጣ አይችልም። ባለቤቴ ወደ እህቱ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ለፈረንጁ «ስንቆፍር የገባ አፈር ነው» አለው።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «ሌላ ጊዜ በደንብ ግጠመው» አለው። ጥፋቱ የባለቤቴ ሆኖ ቀረ።

እትዬ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ተመስገን! ሰው ላይ ሳይወድቅ! በቀዳዳው ያጠጣሁት በከንቱ አልቀረም» አሉ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይህንኑ ለሴቶቹ ተረኩ። ሮኬቱ ወደ ሕዝቡ ሊዞር ሲል ጸበሉ እንዴት እንደመለሰው። ሴቶቹ ጉልበታቸውን ሊስሙ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ሳህን ይዤ ቆሜ ሰማሁ። በጸበል የተናደደ ሰው አቤት የሚልበት ቦታ የለውም።

መኪና ውስጥ «ንገራቸው» አልኩት።

«ምን ብዬ? ጸበልሽ ገደለው ልበላት?»

«አዎ፣ እንደሱ በላቸው።»

«ዕድሜዋን ሙሉ ለእኔ ስትጸልይ የኖረች ናት። ተዪኝ።»

ተውኩት። ንዴቴ ግን አልተወኝም፤ ያኔ በእሳቸው ብቻ አልነበረም የተናደድኩት።

እንደገና ጀመረ። በዚህኛው ዓይኑ አልጠበቀውም። መጀመሪያ የማስመሪያው ቁጥር ጠፋበት፤ እኔ አነብለት ጀመር። ቀጥሎ የክንፉን ጠርዝ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ያስተካክል ነበር። የጋራዡን ቁልፍ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩ። እትዬ በመጡ ቁጥር «ክፈቺልኝ፣ ልባርክለት» ይላሉ።

«ሙጫው አልደረቀም እትዬ።»

«ምን ዓይነት ሙጫ ነው ዓመት የማይደርቅ?»

«የአሜሪካ ነው።»

ሳንነግራቸው ወደዚያው ሐይቅ ሄድን። ተተኮሰ፤ ጫፍ ደረሰ፤ ትንሽ ጭስ ብን አለ፤ ብርቱካኑ ተዘረጋ። ስፌቴ ያዘ።

«ተከፈተ?» አለኝ።

«ተከፍቷል።»

እሱ ግን ሌላ ሰማይ ነበር የሚያየው። አገጩን ይዤ አዞርኩት። አፍጥጦ ቆየ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ከፀሐዩ ይሁን ከሌላ አልጠየቅሁም።

«አየሁት» አለ።

ሮኬቱ መሬት ከነካ ቆይቶ ነበር። ፓራሹቱ ከጎኑ ተኝቶ ነፋሱ ይጎትተዋል። እኔም «ጥሩ ነው» አልኩ። ለእህቱ ሲል የዋሸበት ሜዳ ላይ ለእኔም ሲል ዋሸ።

እትዬ ወሬውን ሰምተው መጡ። ገና ሳይቀመጡ «አላልኳችሁም? ያኔ ያፈሰስኩለት ነው አሁን የሠራው» አሉ።

ባለቤቴ ወንበር በእጁ ዳብሶ አቀረበላቸው። በዚያ ቀን ግን እኔ ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ያኔ ዓይን ነበረው» አልኳቸው።

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ ወንድማቸውን አዩት፤ እሱ ድምፃቸው ወደመጣበት ፊቱን አዙሮ ፈገግ አለ፣ ትንሽ ወደ ጎን ስቶ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይባርኩን ሄዱ። ቁልፉን እስከ ዛሬ ከአንገቴ አላወረድኩም።