የእትዬ ዘነበች ቅቤ ዜና የሆነ ዕለት

ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። የዋጋ ተመን ወጥቶ፣ ስኳርና ዘይት በቀበሌ በሰልፍ የሚታደልበት ሰሞን ነው። ዛሬም ሬዲዮ በከፈትኩ ቁጥር ያ ነገር ትዝ ይለኛል።

አባቴ ከስልጤ መጥቶ ወላይታ ሶዶ ገበያ ዳር የከፈታትን ሱቅ የምሠራው እኔ ነኝ። በዚያ ሰሞን ነጋዴ መባል ሌባ ከመባል አይሻልም ነበርና፣ መቅረጫ የያዘ ጋዜጠኛ ወደ ሰፈራችን ሲመጣ ሳይ ክው አልኩ። እሱ ግን እኔን አልፎ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ቤት ገባ።

እትዬ ዘነበች የሰፈራችን ሴቶች የቅቤ ማኅበር እናት ናቸው። ወላይታ ውስጥ ሴቶች ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫው በዓል፣ ቅቤ የሚያጠራቅሙት ዓመቱን ሙሉ ነው። በየገበያው ቀን ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ አንዲት የታመነች ሴት ቤት ያኖሩታል፤ በዓሉ ሲደርስ ይካፈሉታል።

ጋዜጠኛው የቅቤውን ማሰሮዎች አይቶ የማን እንደሆኑ ጠየቃቸው። እኔ ደጅ ቆሜ እሰማለሁ። እሳቸውም ስለ ማኅበሩ፣ ባሏ የሞተባትን አባል ድርሻ እንዴት እንደሚሞሉላት ሳይቀር፣ ቀስ እያሉ አስረዱት። አመስግኖ ሄደ። እትዬ ዘነበችማ ማኅበራችን በሬዲዮ ሊነገር ነው ብለው ሴቶቹን ሁሉ እኔ ሱቅ ሰበሰቡ።

ዜናው መጣ። በዓል ጠብቀው ዋጋ ለማናር ምርት ስለሚደብቁ ሰዎች ተወራ። ቀጥሎ የእትዬ ዘነበች ድምፅ ተሰማ፤ «አዎ፣ ቅቤው እኔ ቤት ነው። ለበዓሉ ነው ያስቀመጥነው።» እዚያ ላይ ተቆረጠ። ከዚያ አንድ ሸማች ቅቤ አልቀመስ አለ ብሎ አማረረ። አለቀ።

አንድም የተዋሸ ቃል የለበትም። ደባቂ ናቸውም አላለም። የድምፆቹ አደራደር ብቻ ደባቂ አደረጋቸው። ሙሉውን ባልሰማ ኖሮ እኔም አምን ነበር።

እትዬ ዘነበች አንገታቸውን ደፍተው፣ «አማርኛዬ ነው ጉድ ያደረገኝ፤ አስተካክዬ አልተናገርኩም» አሉ። አንጀቴን በሉት። አማርኛዎ ምንም አላጠፋም፣ ቀሪውን ቆርጠውት ነው ብላቸውም አላመኑኝም።

በማግስቱ ከቀበሌ መጥተው ጉዳዩ እስኪጣራ ቅቤው እንዳይነካ አሉ። ጊፋታ ደርሷል። ቅቤው ደግሞ ሴቶቹ ዓመት ሙሉ ከልጆቻቸው አፍ የቀነሱት ነው። ተሰብስበው ቀበሌ ሲሄዱ እኔም የሰማሁትን ልመሰክር ተከተልኩ። ደባቂ ለተባለ ሰው ነጋዴ ሲመሰክር አስቡት እንግዲህ።

ሊቀመንበሩ የሶዶ ልጅ ነው። ገና ግማሹን ሳልናገር ሳቀና፣ «የእናቴም ቅቤ እንዲህ ያለ ቤት ነው የተቀመጠው» ብሎ ፈቀደ።

ሴቶቹ ቅቤያቸውን ተካፈሉ። ሬዲዮው ግን ይህን አልተናገረም። ከገጠር፣ ከቦምቤ ድረስ ዘመድ እየመጣ፣ ዘነበች ታሰረች ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር።

ዛሬ ዜና ውስጥ የሰው ድምፅ ድንገት ሲቆረጥ፣ ቀጥሎ ምን ብሎ ይሆን እላለሁ። እትዬ ዘነበች አርጅተዋል። ድሮ ጨዋታ የማይጠግቡ ሴት ነበሩ። አሁን ሰው አንድ ነገር ሲጠይቃቸው አስቀድመው፣ «እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ?» ይላሉ። እኔንም፣ ምን ልስጥዎ ስላቸው እንኳ፣ እንዲሁ ይሉኛል። ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ይስቃል። እኔ ግን ሚዛኑን አስቀምጬ እስኪጨርሱ እሰማቸዋለሁ።