አቶ መጣሁ

ሰፈርተኛው ሁሉ «አቶ መጣሁ» ይለው ነበር። ሥራው ልብስ ስፌት ነው፤ ስሙን ያወጣለት ግን ቴሌቪዥን ነው። ያኔ አባት፣ እናትና ልጆች ተባብረው ሰው እያታለሉ የሚኖሩበት ድራማ ነበር፤ አባትየውን ሆኖ የሚሠራው እሱ ነው። የሰው ካፖርት «ላስጠግንልህ» ብሎ ይቀበልና በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ «መጣሁ» ይላል። በዚያው እብስ! ድራማው ሲጀምር መንገዱ ጭር ይል ነበር። ቴሌቪዥን ያለው የሌለውን ይሰበስባል፤ ልጆች ከፊት መሬት ላይ፣ አዋቂው ከኋላ ቆሞ፣ ያቺን ቃል ሁሉም አብሮ ይላታል።

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ልብስ ሰፊ የሚኖረው ሰው ጨርቁን አምኖ ሲተውለት ነው። የእሱ ደንበኞች ግን ተቆርጦ እስኪሰፋ ከራሱ ላይ አልወርድ አሉ።

«እትዬ፣ ነገ መጥተው ይውሰዱት» ይላል ሜትሩን ከአንገቱ እየሳበ።

«ኧረ ተው! ያንን ምስኪን ሰውዬ ምን እንዳደረግኸው በዓይኔ በብረቱ አይቼ?»

«ድራማ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«እሱማ ነው። እኔ ግን እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»

ሚስቱ ከጎኑ ቁልፍ እየሰፋች ሳቋን በጨርቅ ታፍናለች።

አንድ ቀን ግን ክር ሊገዛ ብድግ ብሎ «መጣሁ» ሲላት ፊቷ ተለወጠ።

«በዚህ ቃል ከቤቴ አትውጣ። ሰው የምታታልልበትን ለእኔ አታምጣብኝ።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እንደ ሰው ሄጄ እመለሳለሁ በላ!»

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ቤት መርፌ ሊዋስ ሲወጣ እንኳ «ሄጄ እመለሳለሁ» ነው። ይመለሳልም። ድራማው አለቀ፤ ደንበኛውም ቀስ በቀስ ጨርቁን ትቶ መሄድ ለመደ፤ ልጃቸው አደገች፤ እሱም ሸበተ። ቃሉን አንድም ቀን አላጠፈባትም።

አምና ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሲገፉት እጇን ይዞ «ሄጄ እመለሳለሁ» አላት። አልተመለሰም።

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅሳል፤ እሷ ተቀየመችው። «መጨረሻ ላይ እኔንም አታለለኝ» ትላለች። የስፌት መኪናውን በአንሶላ ሸፈነችው። ጣቢያው ያንን ድራማ እንደገና ማሳየት ሲጀምርም ቴሌቪዥኑን አስጠፋች።

«እማዬ፣ የአባዬ ድምፅ እየጠፋብኝ ነው» አለቻት ልጇ። «አንዴ ብቻ እንስማው።»

እናት ራሷ ተነስታ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው። ተቀመጡ።

ጠጉሩ ጥቁር፣ ወገቡ ቀጥ ያለ ሆኖ ብቅ አለ። ኮቱን አወቀችው፤ ቁልፎቹን የሰፋችው እሷ ናት፤ አንዱ ዛሬም እንደተጣመመ ነው። የሰው ካፖርት ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ በሩ ጋ ደረሰ። ዞር አለ፤ ፈገግ አለ።

«መጣሁ።»

ልጅቱ በጎን የእናቷን ፊት ታያለች። እናትየዋ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አጠለቀች፤ እንግዳ እንደመጣበት ሰው ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለችው።